መማርና ማስመስከር፦ ከቤተ ልሔም እስከ ጤና ኬላ

የዜማ ተማሪ የቤተ ክርስቲያን የዜማ መጽሐፍ የሆነውን ድጓን ጎጃምም ሆነ ትግራይ፣ ሸዋም ሆነ ላስታ ሊማር ይችላል። መምህር ተብሎ ወንበር ለመዘርጋት ሲያስብ ግን መንገዱ ወደ ጋይንት ይወስደዋል። በደቡብ ጎንደር፣ በታች ጋይንት ወረዳ የምትገኘው ቤተ ልሔም ለዘመናት የድጓ ምስክር ቤት፣ ማለትም የመጨረሻ መፈተኛና ማረጋገጫ ቦታ፣ ሆና ኖራለች። እዚያው ጋይንት ውስጥ ያለው ዙር አምባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ነው። የአቋቋሙ ጎንደር፣ የቅዳሴው ሰለልኩላና ደብረ ዓባይ ናቸው። ታስቦበት የተደረገም ይሁን በዘመን ብዛት የተስተካከለ፣ ቤተ ክርስቲያን ትምህርቱን በየደብሩ በትና ፈተናውን በጥቂት ቦታ መሰብሰቧ ብዙ ያልተመረመረ ጥበብ ነው። ይህን ዛሬ ማንሳቱ የሚጠቅመው ለቤተ ክህነት ታሪክ ብቻ አይደለም። በዚያው ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ጤና ኬላዎች ውስጥ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሙያቸውን የሚያድሱበት ትምህርት ቀስ በቀስ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ከርቀት መማር ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም፣ ደካማም አይደለም። የአሁኑ አሠራር ጉድለት ትምህርቱንና ምስክሩን አንድ ላይ አጣብቆ በአንድ ስክሪን ማስፈጸሙ ነው። ቤተ ልሔም የቆመችው ሁለቱን በመለየቷ ነው።

የቤተ ልሔምን ሥልጣን ለመረዳት ድጓ ምን ያህል ሊጠፋ የቀረበ ሀብት እንደነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ትውፊቱ ዜማውን ለስድስተኛው መቶ ዘመን ሊቅ ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ዜማው ግን ለብዙ መቶ ዓመታት የኖረው በአፍና በጆሮ ነበር። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን የግራኝ አሕመድ ጦርነት ገዳማትን ሲያቃጥልና ሊቃውንቱን ሲፈጅ፣ አፍና ጆሮ ብቻቸውን አደራ ለመጠበቅ እንደማይበቁ ታየ። ሊቃውንቱ እንደሚተርኩት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በተድባበ ማርያም ተቀምጠው ከፊደሉ በላይ የሚጻፈውን የዜማ ምልክት አደራጁ። ቤተ ልሔም ደግሞ ድጓውን ከጥፋት ያተረፈች ተብላ ትነገራለች። ቦታዋ ራሷ የዕድሜዋን ነገር ትመሰክራለች። እ.ኤ.አ. በ1955 እዚያ የደረሰው እንግሊዛዊው ቶማስ ፓኬናም፣ ከውጭ ሲታይ እንደ ማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ክብና የሣር ክዳን በሆነው ሕንፃ ውስጥ አራት ማዕዘን የሆነ፣ ከጎንደር ዘመን በፊት የታነጸ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ተሸፍኖ አግኝቶ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። ሌሎች የዜማ ስልቶች አልጠፉም፤ ቆማና አጫብር ዛሬም ስማቸው ይጠራል። በአገሪቱ ሁሉ የገነነውና እንደ መለኪያ የተወሰደው ግን የቤተ ልሔም ስልት ነው።

ምልክቱ ከተጻፈ በኋላ ለምን ጋይንት ድረስ መሄድ አስፈለገ? የጉዳዩ አንጓ እዚህ ላይ ነው። ይዘት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቁርጥ የሚባሉት ምልክቶች ድምፁን አይሰጡም፤ ድምፁን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ያስታውሳሉ። ከእነርሱ በተጨማሪ ከቃሉ በላይ የሚሰፍሩት የፊደል ምልክቶች ብዙ መቶ ናቸው። እያንዳንዳቸውም የታወቀ ዜማ ያለውን ሌላ ቃል የሚጠቁሙ አጭር ጽሕፈቶች ናቸው። መጽሐፍ የያዘ ሁሉ ድጓ አያውቅም ማለት ነው። ምዕራፍን፣ ጾመ ድጓንና ድጓን በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ዜማ ለመጨረስ ተማሪው ብዙ ዓመት ይፈጅበታል፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ጎጆ ቀልሶ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ቤተ ልሔም ሲደርስ ገና እንደ አዲስ ይቀመጣል። ከሚመጡት ብዙዎቹ በአገራቸው መሪጌታ ተብለው ያገለገሉ ሰዎች ናቸው። ድጓቸውን እንደ ልማዱ በገዛ እጃቸው ጽፈው ምልክቱን ከምስክር ቤቱ ድጓ ጋር ያስተያያሉ፤ ከየኔታ ፊት ያዜማሉ፤ የኔታም ይሰማል፣ ያርማል፣ ይመልሳል። ሥራ ላይ ያለ ባለሙያ የለመደው ስሕተት ይኖረዋል ተብሎ ይታሰባል። ጎበዝ ተማሪ እንኳ ከሩቅ አገር ሲመጣ የመምህሩን ግድፈት አብሮ ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያንን የሚያወጣው ደግሞ ሌላ ጆሮ ነው።

በዚህ መሠረት የድጓ ትምህርት የሙያ ማሻሻያ ሥርዓት ነበር ማለት ማጋነን አይመስለኝም። መምህሩ የትም ይኑር፣ ተማሪው በማን እጅ ይማር፣ ማንም አይቆጣጠርም። የትምህርት ቤት ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ አልነበረም፤ የሥርዓተ ትምህርት መጽሐፍም ታትሞ አልተበተነም። መጨረሻ ላይ የሚደረገው ምስክር አንድ ስለሆነ ግን የሩቁ መምህር ሁሉ ሳይታዘዝ ወደ አንድ መለኪያ ይሳባል። ተማሪው ጋይንት ሄዶ ቢወድቅ የመምህሩ ስም ይወርዳልና። ልፋቱን ግን ማስዋብ አያስፈልግም። በመንገድ በሽታና በረሃብ የቀረው፣ በአቅም ማነስ ሳያስመሰክር የኖረው ብዙ ነው፤ ሴቶች ደግሞ ከዚህ ደጅ በአብዛኛው አልደረሱም። ሥርዓቱ መለኪያውን ጠብቋል፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ተማሪው ነበር።

ዘመናዊው የገጠር ጤና ሙያ በዚሁ በበጌምድር ምድር ሲጀመር፣ በመጀመሪያ ይህን ጥበብ ሳያውቀው ተከትሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 በጣና ዙሪያ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 (በ1947 ዓ.ም.) የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ተባብረው ያቋቋሙት ይህ ተቋም ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ላይ ያሠለጥን ነበር። ሐኪም ቤት ውስጥ ብቻ ሳይሆን እንደ ቆላ ድባ ባሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች በቡድን እያሠማራ መምህሩ ፊት ያሠራቸው ነበር። ተማሪው ምጥ ሲያዋልድ፣ ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ ክትባት ሲሰጥ የሚያየው ዓይን ነበረ። ችግሩ ከምረቃ በኋላ መጣ። ጤና መኮንኑ ደብረ ታቦር ወይም ነፋስ መውጫ ከተመደበ በኋላ የሚያርመው ጆሮ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ በአገሪቱ ከፍ ያለ ቦታ ሳይቀር ገብታ ሦስት ሚሊዮን ሰው ይዛ 150,000 ያህሉን እንደገደለች ሲገመት፣ በየወረዳው የነበረው ጥቂት ባለሙያ ከምረቃው ቀን እውቀቱ ጋር ብቻውን ነበር። በደርግ ዘመን ጤና ረዳቶችና የማኅበረሰብ ጤና ወኪሎች በብዛት ሠለጠኑ፤ ቁጥሩ ጨመረ፣ ብቸኝነቱ ግን አልተለወጠም።

ትልቁ ለውጥ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ሁለት ሁለት ሆነው በየቀበሌው ተመደቡ፤ 16 የጤና ፓኬጆችን ይዘው ቤት ለቤት መዞር ጀመሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ሆነ። መጀመሪያ የተሰጣቸው ሥራ በአመዛኙ ማስተማርና መከላከል ነበር። በኋላ በክንድ ውስጥ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ ማስገባት ተጨመረ፤ የሕፃናትን የሳንባ ምች፣ ተቅማጥና የምግብ እጥረት መርምሮ ማከም ተጨመረ። በአንድ ዓመት ሥልጠና የገባችው ሠራተኛ በየጊዜው አዲስ ሙያ ተሸከመች ማለት ነው። ስለዚህ የተከታታይ ትምህርት ነገር ለእርሷ የክብር ጉዳይ አይደለም፤ ትናንት ያልነበረ ሥራ ዛሬ እጇ ላይ ነው። የተሰጣት መፍትሔ በአብዛኛው የወርክሾፕ ሥልጠና ነበር፦ ጤና ኬላውን ዘግቶ ከተማ መውጣት፣ በአዳራሽ መቀመጥ፣ ስላይድ ማየት፣ አበል ፈርሞ መመለስ። አበሉን መንቀፍ ቀላል ነው፤ በትንሽ ደመወዝ ለምትሠራ ሰው አበል ትንሽ ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ሥልጠና በአበል ሲመዘን ማን መሄድ እንዳለበት የሚወስነው የሙያ ክፍተት መሆኑ ይቀራል።

የርቀት ትምህርቱ የመጣው ይህን ሁሉ ለማቃለል ነው፤ ጅምሩም ደካማ አልነበረም። ከ1997 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. በካርተር ማዕከል ድጋፍ የጎንደርን ጨምሮ የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች መምህራን ለጤና መኮንኖችና ለሌሎች የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ማስተማሪያ ራሳቸው ጻፉ። ከዚያ በኋላ ጤና ሚኒስቴር፣ አምሬፍ፣ ዩኒሴፍና የእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ደረጃ ለማሳደግ 13 ሞጁሎች አዘጋጁ፤ ከነፍሰ ጡር ክብካቤ እስከ አእምሮ ጤና። ሞጁሎቹ ዛሬም በኦፕን ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ኢንተርኔት ያለው ሰው የትም አገር ሆኖ ሊያነባቸው ይችላል፤ የተጻፉላት ሴት ግን በወረቀት ታትመው ነው የደረሷት፤ የተጻፉትም በእንግሊዝኛ ነው። ጠዋት በአማርኛ የምታዋልድ ሠራተኛ ማታ በእንግሊዝኛ ስለ ማዋለድ ታነባለች። ቢሆንም ያ ፕሮግራም አንድ ትክክለኛ ነገር ነበረው፦ መጽሐፉን ብቻውን አላመነም፤ አስጠኚና ተግባራዊ ልምምድ አብሮ አቀደ። ቀጥሎ የመጣው የበይነ መረብ ዘመን ይህን ሁለተኛ እግር እያሳጠረው ሄደ። የሙያ ፈቃድ ማደስ ከተከታታይ ትምህርት ነጥብ ጋር ሲታሰር፣ ጤና ሚኒስቴርም የራሱን የበይነ መረብ ማስተማሪያ ሲዘረጋ፣ ባለሙያው ሞጁል ከፍቶ፣ ጥያቄ መልሶ፣ ሰርተፊኬት አውርዶ የሚጨርስበት መንገድ ተከፈተ። መማሪያው፣ ፈታኙና መስካሪው አንድ ስልክ ሆነ።

የምርምሩ ዓለም በዚህ ላይ የሚናገረው ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የጥናቶች ግምገማ፣ ሐኪሞች በሥራ ላይ በቆዩ ቁጥር ብቃታቸው ሳይጨምር እንደውም ሊቀንስ እንደሚችል የሚያሳዩ ጥናቶች እንደሚበዙ አሳይቷል። ልምድ ብቻውን አያስተምርም ማለት ነው፤ የቤተ ልሔም የኔቶች መሪጌታውን እንደገና ያስቀመጡት ይህን ስለሚያውቁ ነው ብል ስሕተት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪው ኩክና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ሰፊ ግምገማ በኢንተርኔት የሚሰጥ የጤና ትምህርት ምንም ትምህርት ካለመስጠት በብዙ እንደሚሻል፣ በአካል ከሚሰጠው ጋር ሲወዳደር ግን ልዩነቱ አነስተኛ እንደሆነ አገኘ። ይህ ለበይነ መረቡ ጠበቃ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ስክሪን ያስተምራል። ነገር ግን ሮውና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 በዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ያለውን የጤና ሠራተኞች አሠራር የሚያሻሽሉ ስልቶች ሲመረምሩ፣ ሥልጠና ወይም ክትትል ብቻውን ሲደረግ አሠራርን ከ10 እስከ 16 በመቶኛ ነጥብ ያህል ሲያሻሽል፣ ሁለቱ ሲጣመሩ ወደ 18 እንደሚደርስ፣ የመረጃ ቴክኖሎጂ ብቻውን ሲሰጥ ግን ለውጡ እጅግ ትንሽ እንደሆነ ጻፉ። ሁለቱ ግምገማዎች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ አይጋጩም። የመጀመሪያው የለካው በአመዛኙ ሰው ምን እንዳወቀ ነው፤ ሁለተኛው በሽተኛ ፊት ምን እንዳደረገ። መማርና መመስከር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው።

አንድ ሥራ ወስደን እንየው። ከ2 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ሳልም ካለው፣ ሳንባ ምች ተብሎ ይታከማል። ይህን ቁጥር ለማስተማር ስልክ በቂ ነው፤ ጥያቄ አውጥቶ ለመፈተንም በቂ ነው። ነገር ግን ሠራተኛዋ የሕፃኑን ልብስ ገልጣለች ወይ? እያለቀሰ ነው የቆጠረችው ወይስ ጸጥ እስኪል ጠብቃለች? ሙሉ ደቂቃ ቆጥራለች ወይስ 15 ሰከንድ ቆጥራ በአራት አባዝታለች? ይህን የሚያውቀው አጠገቧ ቆሞ አብሯት የቆጠረ ሰው ብቻ ነው። የተጻፈው ቁጥር እንደ ዜማው ምልክት ነው፤ ሥራውን ለሚያውቅ ያስታውሳል፣ ለማያውቅ አይነግርም።

ብርቱ ተቃውሞ እንደሚነሳ ይገባኛል። ዋነኛው የሁለቱን ሙያዎች ባሕርይ የሚመለከት ነው፦ ድጓ የሚጠበቅ ነገር ነው፣ ሕክምና የሚለወጥ። ቤተ ልሔም ትናንት የነበረውን ዛሬም እንዳለ ማቆየቷ ሞገስ ሲሆን፣ ጤና ጣቢያ ግን የዛሬ አምስት ዓመቱን የወባ መድኃኒት ዛሬም ካዘዘ ጥፋት ነው፤ ለሚለወጥ ነገር ደግሞ ፈጣኑ መንገድ በይነ መረብ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ግን የሚደግፈው ትምህርቱን በስልክ መላክን ነው፣ ምስክሩን አይደለም። እንደውም ነገሩ ሲለዋወጥ ምስክሩ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ አዲሱን መመሪያ ያነበበች ሠራተኛ አሮጌውን እጇን ይዛ ልትቆይ ትችላለችና። የድጓውንም ታሪክ ቢሆን ያልተለወጠ ነገር አድርጎ ማየት አይገባም። የጌራና የራጉኤል ሥራ ራሱ ትልቅ እድሳት ነበር። አዲሱን አጻጻፍ ከነባሩ ድምፅ ጋር ማስማማት የተቻለው ብዙዎች የሚመለሱበት አንድ ምስክር ቤት ስለነበረ ይመስላል።

ሌላው ተቃውሞ የመንገዱ ነገር ነው። ሠራተኛዋ ሁለት ሠራተኞች ያሉበትን ጤና ኬላ ዘግታ፣ ልጆቿን ጥላ፣ ከስማዳ ቆላ ተነስታ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ትመስክር ማለት የቤተ ልሔምን ጭካኔ በሴቶች ላይ መድገም ይሆናል። ትክክል ነው፤ መኮረጅ ያለበት ርቀቱ አይደለም። አገሪቱ ለዚህ የሚሆን መዋቅር አላት፦ አንድ ጤና ጣቢያ በዙሪያው አምስት ጤና ኬላዎችን ይዞ ለ25,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተደራጀ ነው። መስካሪው ወደ ሠራተኛዋ ሊሄድ ይችላል። እንዲያውም ደጋፊ ሱፐርቪዥን በሚል ስም ይሄዳል ይባላል፤ ታዲያ ምን ጎደለ የሚል ሊኖር ይችላል። የጎደለው እንደ እኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሱፐርቫይዘሩ በአብዛኛው የሚያየው መዝገብ ነው። ቼክሊስቱን ሞልቶ፣ መድኃኒት ቆጥሮ፣ ሪፖርቱ ከመዝገቡ ጋር መስማማቱን አይቶ ይሄዳል። በሽተኛ ሲታይ አጠገብ ተቀምጦ፣ እንደ የኔታ «መልሺው» የሚል ጥቂት ነው። ይህን ማድረግ ደግሞ ለፈቃድ ማደሻ ነጥብ ብዙ ጊዜ አይቆጠርለትም፣ ለእርሷም አይቆጠርላትም። ነጥቡ በአብዛኛው የሚገኘው ከሞጁሉ ነው። ሰው ደግሞ ነጥብ ወዳለበት ይሄዳል።

የቅርቡ ዘመን ታሪክ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ጨምሯል። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ነፋስ መውጫ በሰሜኑ ጦርነት ስትያዝ የጤና ተቋማቷ ተዘርፈዋል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ሲበረታ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። በእነዚያ ወራት በስልክ ብቻ የተመሠረተ ተከታታይ ትምህርት ለጋይንት ባለሙያ ሙሉ በሙሉ ቆመ ማለት ነው፤ ትምህርቱም፣ ፈተናውም፣ ሰርተፊኬቱም በአንድ መስመር ላይ ነበሩና አብረው ተቆረጡ። ትምህርቱ በወረቀት፣ በሚሞሪ ካርድ፣ በሬዲዮ፣ በኔትወርክ በተገኘው ሁሉ ቢደርስ፣ ምስክሩ ግን በጤና ጣቢያው ሰው እጅ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ አንዱ ይቀጥል ነበር።

የሚቀረው ከባዱ ጥያቄ ለመስካሪው ማን ይመስክርለት የሚለው ነው፤ ይህን ቤተ ልሔም በራሷ መንገድ ፈታዋለች። የኔታው ራሱ ያስመሰከረ ነው፤ ወንበሩን የሚተካውም ከእርሱ እግር ሥር ለዓመታት ከተቀመጡት አንዱ ነው፤ ስለዚህ ጆሮው ከቀድሞው ጆሮ አይርቅም። ጤና ጣቢያው ላይ ግን ጤና መኮንኑ በተሻለ ደመወዝ ወይም በዝውውር ቶሎ ቶሎ ይሄዳል፤ አዲስ የሚመጣው የሚያርማት ሠራተኛ ከእርሱ ይልቅ ቀበሌውን የምታውቅ፣ ብዙ ያዋለደች ልትሆን ትችላለች። እንዲያ ሲሆን ምስክሩን ለማዕረጉ ብቻ መስጠት አይቻልም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ሆነ ጎንደር፣ ከየጤና ጣቢያው አንድ ሰው ጠርተው በሽተኛ ፊት አሠርተው እስኪመሰክሩለት ድረስ፣ ያ ሰውም ከነባሮቹ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መካከል ሊሆን እንደሚችል እስኪቀበሉ ድረስ፣ በስልክ የሚወርደው ሰርተፊኬት የሚያረጋግጠው ሞጁሉ መከፈቱን ብቻ ነው።